ብልጭ ድርግም

(የመግቢያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ቀስ እያለ ይጠፋል።)

ዛሬ የምናወራው ስለ ብርሃን ነው። በተለይ ብልጭ ድርግም የሚል ብርሃን አንጎላችንን ምን እንደሚያደርገው እንጫወታለን። «ስለ ብርሃን በሬዲዮ ማውራት የወጥ ሽታ በስልክ እንደመላክ ነው» የምትሉኝ አትጠፉም። እውነታችሁን ነው። ስለዚህ ከዓይን በፊት በጆሮ እንጀምር። ከመስታወቱ ማዶ የተቀመጠው የድምፅ ባለሙያችን አንድ ነገር አዘጋጅቷል።

(ድምፅ፦ «ጠቅ... ጠቅ... ጠቅ» በሰከንድ 2 ጊዜ፣ ለአምስት ሰከንድ።)

ይህ በሰከንድ 2 ጊዜ ነው። አንድ፣ ሁለት እያላችሁ መቁጠር ትችላላችሁ። እስቲ ያፍጥንልን።

(ድምፅ፦ ያው ምት በሰከንድ 10 ጊዜ።)

አሁን 10 ደርሷል። መቁጠሩ አቃተን፤ ቢሆንም ድስት ውስጥ እንደሚንጣጣ ፈንዲሻ እያንዳንዱ ምት ለየብቻው መሆኑን ጆሯችን ያውቃል። አሁንስ?

(ድምፅ፦ ያው ምት በሰከንድ 100 ጊዜ፤ ወጥ የሆነ «እምምም» ይሰማል።)

ምቶቹ የት ገቡ? የትም አልገቡም። ባለሙያችን ያደረገው ማቀራረብ ብቻ ነው፤ እኛ መለየት ሲያቅተን ሁሉንም ጠቅልለን አንድ እምምታ አደረግናቸው። ዓይንም እንዲሁ ነው። ቀስ እያለ የሚበራና የሚጠፋ መብራት ብልጭ ድርግም ሲል እናየዋለን፤ በሰከንድ ከ50 እስከ 60 ጊዜ ገደማ ሲደርስ ግን ለአብዛኞቻችን የረጋ ብርሃን ይሆናል። ሲኒማ ቤት የምናየው ፊልም በዚህ ድካማችን ነው የሚኖረው። ፊልሙ በሰከንድ 24 ምስል ብቻ ነው ያለው፤ በ24 ቢቀር ዓይናችንን ባወከው ነበር፤ ስለዚህ የድሮው ማሳያ እያንዳንዷን ምስል ሁለቴ ወይም ሦስቴ እየከፈተ እየዘጋ 48 ወይም 72 ያደርሰዋል። እኛም ረግቷል ብለን ቁጭ ብለን እናያለን።

ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። ዓይናችን የተወውን ብልጭታ አንጎላችንም ትቶታል? ይህችን እምምታ ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ በአውቶቡስ እየተመለስኩ ነበር። ፀሐይ አዘቅዝቃ በስተቀኝ ባለው መስኮት ትገባለች፤ መንገዱ ዳር ባሕር ዛፍ በረድፍ ቆሟል። ጭንቅላቴን መስታወቱ ላይ አስደግፌ ዓይኔን ጨፈንኩ። የፈለግኩት እንቅልፍ ነበር። የመጣው ሌላ ነው። በተጨፈነው ዓይኔ ውስጥ ቀይና ብርቱካንማ ብርሃን መርገብገብ ጀመረ፤ ጥቂት ቆይቶ መርገብገቡ ቅርጽ ያዘ። መጀመሪያ እንደ ሰፌድ ጥለት ከመሃል እየዞረ የሚወጣ መስመር፣ ከዚያ እንደ ዳማ ሰሌዳ ጥቁርና ነጭ አራት ማዕዘን፣ ጠርዙ ላይ ሰማያዊ። የባሕር ዛፉ ረድፍ ሲያልቅ ሁሉም ድርግም አለ። ዓይኔን ስገልጥ የታጨደ ማሳና የተከመረ ጭድ ብቻ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡት እናት «ልጄ፣ አሞሃል እንዴ?» አሉኝ። ፊቴ ላይ ምን እንዳዩ እንጃ።

ቆይቼ አሰላሁት። አውቶቡሱ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ብንል በሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል። ዛፎቹ በየሁለት ሜትሩ የተተከሉ ከሆነ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ስምንት ጥላና ስምንት የፀሐይ ብልጭታ ፊቴ ላይ አልፏል፤ ጠጋ ጠጋ ብለው ከሆነ አስር፣ አስራ አንድ። ይህንንም ቁጥር ያዙልኝ። ዛሬ ብዙ አስያዝኳችሁ፤ ይቅርታ።

ይህ የደረሰበት ሰው እኔ ብቻ አይደለሁም። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን እያስታወስኩ፣ ሠዓሊው ብራየን ጋይሰን ዲሴምበር 21 ቀን 1958 ወደ ፈረንሳይዋ ማርሴይ በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ ነበር። ጀምበር እየጠለቀች ነው፤ መንገዱ ዳርና ዳር ዛፍ አለው፤ ሰውየው ዓይኑን ጨፍኗል። በጨፈነው ዓይኑ የቀለም ጎርፍ አየ። እኔ ነገሩን ለአጠገቤ ተሳፋሪ እንኳ መናገር አፍሬ ስተወው እሱ መሣሪያ ሠራበት። ከወዳጁ ከኢያን ሶመርቪል ጋር ዙሪያውን የተቦደሰ ሲሊንደር አበጁ፤ የሸክላ ማጫወቻ ላይ አቆሙት፤ መሃሉ ላይ አምፖል አንጠለጠሉ። ማጫወቻው ሲዞር ብርሃኑ በቀዳዳዎቹ እየሾለከ ፊት ላይ ይርገበገባል። የሕልም ማሽን አሉት። ዓይን ተጨፍኖ የሚታይ የሥነ ጥበብ ሥራ ከዚህ ሌላ አላውቅም።

ከጋይሰን በፊት ደግሞ ቼካዊው ሐኪም ያን ፑርኪንዬ አለ፤ የአንጎልና የልብ ሐኪሞች ስሙን በየቀኑ የሚጠሩት ሰው ነው፤ በሁለቱም ውስጥ በስሙ የሚጠራ ነገር አለና። እሱ አውቶቡስም አምፖልም አላስፈለገውም። ፊቱን ወደ ፀሐይ አዙሮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የተዘረጉ ጣቶቹን ዓይኑ ፊት ወዲያ ወዲህ እያወዛወዘ ያየውን የዳማ ሰሌዳና የኮከብ ቅርጽ በ1819 ጽፎ አሳተመ። እናንተ ግን አሁን ተነስታችሁ እንዳትሞክሩት። ለምን እንደምከለክላችሁ እደርስበታለሁ።

ቅርጹ ከየት መጣ? ዛፉ ላይ የለም፤ ጣት ላይ የለም። ወደ ዓይን የገባው ብርሃንና ጨለማ ብቻ ነው። የቀረውን የሠራው አንጎል ነው።

(ሙዚቃ፤ አጭር መሸጋገሪያ።)

በ1924 በጀርመኗ የና ከተማ ሃንስ በርገር የሚባል የአእምሮ ሐኪም የአንድን ሰው አንጎል የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ ለመጀመሪያ ጊዜ በወረቀት ላይ መዘገበ። ዝም ብሎ አምስት ዓመት ተጠራጠረ፤ በ1929 አሳተመው። ያገኘው ነገር የሚያስገርም ነበር። ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ዘና ሲል ከጭንቅላቱ የኋላ ክፍል በሰከንድ 10 ጊዜ ገደማ የሚነሳና የሚወድቅ ሞገድ ይወጣል፤ ዓይኑን ሲገልጥ ሞገዱ ይጠፋል። አልፋ ሞገድ አለው፤ ዛሬም በዚሁ ስም ይጠራል፤ በሰከንድ ከ8 እስከ 13 ይደርሳል። ባሕር ዛፎቼን አስታወሳችሁ?

ይህን ሞገድ ለመረዳት የሰርግ ቤት ጭብጨባን አስቡ። ዳሱ ውስጥ ሦስት መቶ ሰው አለ እንበል። እያንዳንዱ በየራሱ ቢያጨበጭብ ከውጭ የሚሰማው ግርግር ነው፤ ምት አይለይም። ሁሉም አንድ ላይ ሲመታ ግን ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል። የአንጎል ሕዋሳትም በኤሌክትሪክ ነው የሚነጋገሩት፤ አንዷ ብቻዋን ብትናገር ከራስ ቅል ውጭ የተለጠፈ ሽቦ አይሰማትም። በርገር የሰማው ሚሊዮኖቹ አብረው ሲያጨበጭቡ ነው። ዓይን ሲጨፈን የማየት ሥራ ያላቸው ሕዋሳት ሥራ ይፈታሉ፤ ሥራ የፈታ ደግሞ አብሮ ማጨብጨብ ይቀናዋል። ዓይን ሲገለጥ እያንዳንዷ የራሷን ጉዳይ ይዛ ትበተናለች።

አሁን ዳሱ ውስጥ ከበሮ ይግባ። ከበሮው የራሱን ምት ይዞ ይመጣል፤ ያጨበጭብ የነበረው ሰው ሳያስበው ምቱን ወደ ከበሮው ያዞራል። ማንም አላዘዘውም፤ እጁ ነው የሄደው። የካምብሪጁ ኤድጋር ኤድሪያን ከባልደረባው ከማቲውስ ጋር በ1934 ያሳየው ይህንኑ ነው። ብልጭ ድርግም የሚል ብርሃን ሰው ፊት ሲያስቀምጡ የአንጎሉ ሞገድ የራሱን ምት ትቶ የብርሃኑን ተከተለ። ከበሮው ብርሃኑ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእንግሊዟ ብሪስቶል ግሬይ ዋልተር ነገሩን አጠነከረው። ፍጥነቱ እንደ ልብ የሚስተካከል የኤሌክትሮኒክስ ብልጭታ አገኘ፤ በ1946 ውጤቱን አወጣ። ጤነኛ ሰዎች በየፍጥነቱ የተለያየ ቀለምና ቅርጽ እንዳዩ ነገሩት። ጥቂቶቹ ላይ ግን ሞገዱ ከልክ በላይ ተነሳ፤ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ላይ የሚታየውን ዓይነት ሆነ። ዋልተር በኋላ በጻፈው መጽሐፍ በዛፎች መሃል በብስክሌት ወደ ቤቱ ሲሄድ ራሱን ሊስት ስለሚደርስ ሰው ያነሳል። ያን ሰው ሳነብ የደብረ ብርሃን አውቶቡስ ትዝ አለኝ፤ ትንሽም ደነገጥኩ።

አሁን ወደ እምምታዋ ልመለስ።

(ድምፅ፦ በሰከንድ 100 ጊዜ የሚመታው «እምምም» ለሦስት ሰከንድ።)

ይህን ድምፅ ታውቁታላችሁ። በየቢሮው፣ በየመማሪያ ክፍሉ፣ በየክሊኒኩ ጣሪያ ላይ የተሰቀለው የድሮው ረጅም ፍሎረሰንት የሚያሰማው ድምፅ ነው። በአገራችን የኤሌክትሪክ መስመር ውስጥ ያለው ኃይል በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ በአንድ ምልልስ ሁለት ጊዜ ስለሚጎላ መብራቱ በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፣ 100 ጊዜ ይደክማል። ከመብራቱ ጋር የተገጠመው ባላስት የሚባለው ጥቅልል ሽቦም በዚያው ልክ በሰከንድ 100 ጊዜ ይንቀጠቀጣል። እምምታው እሱ ነው። ዓይናችሁ ረግቷል ያለውን ብልጭ ድርግም ጆሯችሁ ሲሰማው ኖሯል ማለት ነው።

አንጎልስ? በ2001 ጀርመናዊው ክሪስቶፍ ኸርማን ለሰዎች ከ1 እስከ 100 በሚደርስ ፍጥነት ብልጭ የሚል ብርሃን እያሳየ ሞገዳቸውን መዘገበ። የማየት ሥራ የሚሠራው የአንጎል ክፍል በሰከንድ እስከ 90 ድረስ ብርሃኑን ተከትሎ ይመታ ነበር። ዓይን ጉዳዩን ከዘጋ በኋላም አንጎል ፋይሉን አልዘጋም። ብሪታንያዊው አርኖልድ ዊልኪንስና ባልደረቦቹ ደግሞ ከዚያ ቀደም ብለው በ1989 የቢሮ ሠራተኞችን ተከታትለው ነበር። የመብራቶቹን ባላስት ብርሃኑን በሰከንድ 32,000 ጊዜ ገደማ በሚያርገበግብ ኤሌክትሮኒክ ባላስት ቀየሩላቸው፤ የትኛው መቼ እንደተገጠመ ሠራተኞቹ አያውቁም። የራስ ምታትና የዓይን ድካም ከግማሽ በላይ ቀነሰ። እኔ በበኩሌ ተማሪ ሳለሁ ከሰዓት በኋላ በሚሰጠው የሒሳብ ትምህርት ላይ ራሴን የሚያመኝ በሒሳቡ ይመስለኝ ነበር። መምህራችንን ያለ ጥፋታቸው አምቻቸው ሊሆን ይችላል።

ኤልኢዲ አምፖል ገዝቻለሁና ተገላገልኩ የምትሉም አትቸኩሉ። ጥሩ ኤልኢዲ የረጋ ነው፤ ርካሹ ግን ብዙ ጊዜ ከፍሎረሰንቱ ይብሳል፤ ምክንያቱም ፍሎረሰንት የሚጠፋው ጥቂት እየፋመ ነው፣ ኤልኢዲ ግን ኃይል ሲቋረጥበት ወዲያው ጭልም ይላል። መፈተኛውን ልንገራችሁ። እርሳስ ወይም እስክሪብቶ አንሱ። ሌላ መብራት አጥፉና በአምፖሉ ብርሃን ብቻ፣ ጥቁር ነገር ፊት፣ እርሳሱን ወዲያ ወዲህ በፍጥነት አወዛውዙት። እርሳሱ እንደ ማራገቢያ ወጥ ሆኖ ከደበዘዘ ብርሃኑ የረጋ ነው። አንድ እርሳስ አምስት ስድስት ሆኖ፣ ለየብቻው ተሰልፎ ከታያችሁ አምፖላችሁ ብልጭ ድርግም እያለ ነው። ታክሲ ውስጥ ያላችሁ ቤት እስክትደርሱ ታገሡ፤ ሹፌር ከሆናችሁማ ጭራሽ አትሞክሩት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለይ። በሰከንድ 100 ጊዜ የሚርገበገብ መብራት ራስ ያሳምማል፣ ዓይን ያደክማል፤ ሰው አይጥልም። ሰው የሚጥለው ዘገምተኛው ነው። ስታርተሩ ሞቶ ጫፍና ጫፉ ብቻ ብልጭ ብልጭ የሚለው ፍሎረሰንት ከዚህኛው ወገን ሊሆን ስለሚችል «ነገ እቀይረዋለሁ» አይባልም።

ብርሃኑን ለመድኃኒት ያሰቡትም አሉ። በ2016 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የሊ ሁዌ ጻይ ቡድን በሰከንድ 40 ጊዜ ብልጭ የሚል ብርሃን አልዛይመርን የመሰለ ሕመም ባለባቸው አይጦች አንጎል ውስጥ የሚከማቸውን ፕሮቲን እንደቀነሰ አሳተመ። ዓለም ጮኸ። በ2023 ደግሞ በኒውዮርክ የጊዮርጊ ቡዛኪ ቡድን ያንኑ ሞክሮ ውጤቱን ማግኘት እንዳልቻለ አሳተመ። ክርክሩ ላይ ናቸው። እናታችሁ መርሳት ጀምረው እንደሆነ በስልክ ላይ የሚለቀቅ «የ40 ብልጭታ ሕክምና» ቪዲዮ አታሳዩአቸው፤ ሐኪም ጋ ውሰዷቸው።

(ሙዚቃ፤ አጭር መሸጋገሪያ።)

ዲሴምበር 16 ቀን 1997፣ ማክሰኞ ምሽት፣ ጃፓን። ከምሽቱ አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ፖኬሞን የሚባለው የልጆች የካርቱን ፊልም ጀመረ። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቤቶች ከፍተዋል። እናት ወጥ ቤት ናት፤ ልጅ ከቴሌቪዥኑ ፊት ወለሉ ላይ ቁጭ ብሏል። ሃያ ደቂቃ እንዳለፈ ፒካቹ የሚባለው ቢጫ ፍጥረት የመጡበትን ሚሳይሎች በመብረቁ መታ። ፍንዳታውን ለማሳየት የፊልሙ ሠሪዎች መላውን መስኮት ቀይና ሰማያዊ እያፈራረቁ አበሩት፤ በሰከንድ 12 ጊዜ፣ ለስድስት ሰከንድ ያህል።

ስድስት ሰከንድ ይህን ያህል ነው። ዝም ልበልላችሁ።

(ጸጥታ፣ ስድስት ሰከንድ።)

በዚያች ምሽት 685 ሰዎች፣ አብዛኞቹ ልጆች፣ በአምቡላንስ ሆስፒታል ገቡ። ያቅለሸለሻቸው፣ ዓይናቸው የጨለመባቸው፣ ራሳቸውን የሳቱ፣ የተንቀጠቀጡ ነበሩ። ከተንቀጠቀጡት ብዙዎቹ ከዚያ በፊት አንድ ቀን እንኳ ወድቀው የማያውቁ ናቸው። ማታ ላይ የቴሌቪዥን ዜና ነገሩን ሲዘግብ ያንኑ ቅንጫቢ መልሶ አሳየ፤ ሌሎች ልጆች ታመሙ። የኔ ሙያ ሰዎች ያደረጉት ነው፤ ሳነሳው አፍራለሁ።

ለምን ሆነ? ወደ ሰርጉ ቤት እንመለስ። ዳሱ ውስጥ ጭብጨባው እንዳይበዛ «በቃ፣ ቀስ» የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ። አንጎል ውስጥም ሌሎቹን የሚገቱ፣ ልጓም የሚይዙ ሕዋሳት አሉ። አንዳንድ ሰው ላይ በተፈጥሮ ይህ ልጓም ላላ ያለ ነው፤ በሌላው ጊዜ ምንም አይታወቅበትም። ከበሮው በትክክለኛው ፍጥነት፣ በትልቅ መስኮት፣ በተለይም በደማቅ ቀይ ሲመጣ ግን ከኋላ ክፍል የተነሳው ጭብጨባ ሽማግሌ አይሰማም፤ ግድግዳውን ጥሶ መላውን ቤት ያዳርሳል። እጅና እግር የሚያዙት ሕዋሳትም አብረው ይመታሉ። ሰውየው የሚንቀጠቀጠው ለዚህ ነው። አደገኛው ፍጥነት በሰከንድ ከ3 እስከ 30 ሲሆን የሚብሰው ከ15 እስከ 25 ያለው ነው። እንዲህ ያለ ተፈጥሮ ያላቸው ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ የሚጥል በሽታ ካለባቸው ከመቶው ሦስት ገደማ። በልጅነትና በጉርምስና ይበዛል፤ ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ላይ ይታያል። ቅድም ጣታችሁን ፀሐይ ላይ አታወዛውዙ ያልኳችሁ ከእናንተ መካከል ይህ ተፈጥሮ ያለው ማን እንደሆነ ስለማላውቅ ነው። ራሱም ላያውቅ ይችላል።

ፖኬሞን ለአራት ወር ከአየር ወረደ። ያ ክፍል ከዚያ ወዲህ ታይቶ አያውቅም። ክፍሉ የተሰየመበት ፖሪጎን የሚባለው ገጸ ባሕርይ ከነዘመዶቹ ከመስኮት ተባረረ፤ መብረቁን የለቀቀው ፒካቹ ግን እስከ ዛሬ ንጉሥ ነው። የፍርድ ነገር እንዲህ ነው። የጃፓን ጣቢያዎች መመሪያ አወጡ፤ ካርቱን ከመጀመሩ በፊት «ክፍሉን አብሩ፣ ከቴሌቪዥኑ ራቁ» የሚል ማሳሰቢያ መለመድ ጀመረ። ይህ ምክር የእናቶቻችን ነው። «ቴሌቪዥኑ ላይ አትለጠፍ» ሲሉን ዓይንህ ይጠፋል ብለው ነበር፤ ምክንያቱ ሌላ ቢሆንም ምክሩ ትክክል ነው። ራቅ ስትሉ መስኮቱ ያንሳል፤ መስኮቱ ሲያንስ የሚያጨበጭቡት ሕዋሳት ያንሳሉ።

ብሪታንያ ከጃፓን ቀድማ ነበር የባነነችው፤ በ1993 አንድ የምግብ ማስታወቂያ ሦስት ሰዎችን ስለጣለ። ዛሬ በብዙ አገር የሚሠራበት ልክ አጭር ነው፦ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ከሦስት ብልጭታ አይበልጥ። የሙዚቃ ክሊፕ የምታቀናብሩ፣ የሰርግ ቪዲዮ የምትቆርጡ፣ መድረክ ላይ መብራት የምትይዙ ወጣቶች፣ ይህችን ቁጥር ጻፏት። ከበሮው በጋለ ቁጥር መስኮቱን ነጭ ጥቁር፣ ነጭ ጥቁር ማድረግ የሚወደድ መሆኑን አይቻለሁ። ሦስት ይበቃል።

ብልጭታ ፊት ድንገት ብትያዙ፣ ዓይንን መጨፈን ብቻ አይበቃም። ብርሃን በዓይን ቆብ ቆዳ ያልፋል፤ ሲያልፍም ይቀላል፤ አውቶቡሱ ውስጥ ዓይኔን ጨፍኜ ቀይ ያየሁት ለዚህ ነው። አንዱን ዓይን በመዳፍ ሸፍኑና ፊታችሁን አዙሩ። አንድ ዓይን ሲሸፈን ወደ አንጎል የሚደርሰው ከበሮ በጣም ይቀንሳል።

አሁን ደግሞ ከብርሃኑ ወጣ ብዬ የምናገረው አለ።

ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ አንዲት ልጅ ክፍል ውስጥ ወደቀች። መብራት አልነበረም፤ በጠራራ ፀሐይ ነው፤ የሷ ሕመም ከብልጭታ ጋር አይገናኝም ይሆናል። እግሯ አግዳሚውን ሲመታ የሚያሰማው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። አንዱ ልጅ ሮጦ ከጥበቃው ክብሪት አመጣ። ጫሩና ጭሱን አፍንጫዋ ሥር ያዙት። አልነቃችም፤ ደግመው ጫሩ። ሦስተኛው እንጨት ላይ መንቀጥቀጡ ቆመ። ሁላችንም ክብሪቱ አዳናት አልን። የላይኛው ከንፈሯ ላይ የቀረውን የቃጠሎ ምልክት ለዓመታት አይቼዋለሁ። ትምህርቷን በዚያው ዓመት አቋረጠች፤ ቤተሰቦቿ ሰው ፊት እንድትወድቅ አልፈለጉም።

ክብሪቱ አላዳናትም። አብዛኛው እንዲህ ያለ መንቀጥቀጥ በሁለትና በሦስት ደቂቃ ውስጥ በራሱ ያቆማል፤ ጭብጨባው ይደክመዋል። ክብሪት ሮጦ አምጥቶ ሦስቴ ለመጫር የሚፈጀው ጊዜም ያው ነው። ክብሪት የተመሰገነው በሰዓት መገጣጠም ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለኃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ዞረው በ1990 ባሳተሙት ጥናት ከሺህ ሰው አምስቱ ላይ የሚጥል በሽታ አግኝተዋል። ይህ ማለት አንድ ትልቅ ትምህርት ቤት ውስጥ ከአንድ ልጅ በላይ ይኖራል ማለት ነው። ጋኔን አይደለም፤ በትንፋሽና በአረፋ አይተላለፍም፤ መድኃኒት አለው። ጸበል የሚወስድ ቤተሰብ ጸበሉን ይውሰድ፤ መድኃኒቱን ግን አያቋርጥ።

ሰው ሲወድቅ ካያችሁ ከጭንቅላቱ ሥር ጋቢ ወይም ሹራብ አድርጉ፤ የሚጎዳውን ነገር ከአጠገቡ አርቁ፤ አንገቱ ላይ የጠበቀውን ፍቱ። ማንኪያም ጣትም አፉ ውስጥ አትክተቱ። አትጨብጡት፣ አትታገሉት። መንቀጥቀጡ ሲረግብ በጎኑ አስተኙት፤ ምራቁ እንዲወርድ። ሰዓታችሁን እዩ። አምስት ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ሳይነቃ ከደገመው፣ ወደ ሐኪም ቤት ሩጡ። ልጃችሁ ቴሌቪዥን ወይም የስልክ ጨዋታ ፊት ሆኖ ድንገት ከፈዘዘ ወይም ከወደቀ ለሐኪሙ ምን እያየ እንደነበር ጭምር ንገሩት። የአንጎልን ሞገድ የሚመዘግበው፣ ኢኢጂ የሚባለው ምርመራ ላይ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት አለ፤ ግሬይ ዋልተር የተወልን ነው፤ ሐኪሙ እየተከታተለ የትኛው ፍጥነት እንደሚያውከው ያያል።

ክብሪት የሚጭር ሰው አጠገባችሁ ካለ እጁን ያዙት።

ዝግጅቱን ያሰናዳሁት እኔ ነኝ፤ «ጠቅታውን» ያሰማችሁ ከመስታወቱ ማዶ ያለው ባልደረባዬ ነው። የእርሳሱን ሙከራ ሠርታችሁ ያያችሁትን ጻፉልን። ደህና እደሩ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ።)